ለመግለጫ መርማሪዎች የቀረበ ውዳሴ

የሶፍትዌር መሣሪያ ሠርቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚያቀርብ ሰው፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራና ምን ዐይነት ግብዓት እንደሚሻ በቃል ጽፎ ማኖር ግዴታው ነው፤ ወኪሉ የመሣሪያውን ውስጠ ምስጢር አያይምና፣ የሚያነበውም ስሙን፣ መግለጫውንና የግብዓቱን ዝርዝር ብቻ ነውና። ይህ ሥርዓት፣ አንትሮፒክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን ደንብ ካወጣና ተፎካካሪዎቹ ኦፕንኤአይና ጎግል ሳይቀሩ ከተቀበሉት ወዲህ፣ መሣሪያ ሠሪውን እንደ አሸን አፈላው። ሠሪ በበዛበት ዘመን መርማሪ መነሣቱ አይቀርምና፣ እነሆ መግለጫን እየመዘነ ነጥብ የሚሰጥ ወገን ተነሥቷል፤ ይህችም ጽሑፍ ለእርሱ የምትገባ ውዳሴ ናት።

የእነዚህ ሊቃውንት ጥበብ የሚደነቀው በመጀመሪያ ከድካም ነጻ በመሆኑ ነው። ያልሠለጠኑት ሰዎች የአንድን መግለጫ ደኅንነት ለማወቅ፣ ወኪሉን ሥራ ሰጥተው፣ ትክክለኛውን መሣሪያ መረጠ ወይስ ሳተ፣ ግብዓቱን በአግባቡ ሞላ ወይስ አበላሸ፣ መሣሪያው በማያስፈልግበትስ ጊዜ እጁን ሰበሰበ ወይ እያሉ፣ ያንኑ ሥራ ደጋግመው እያሠሩ ይመለከታሉ። ሊቃውንቱ ግን መግለጫውን ለሌላ ሞዴል ይሰጡታል፤ ያም ሞዴል ለግልጽነቱ ይህን ያህል፣ ለምሉዕነቱ ይህን ያህል ብሎ ከመቶ ይቈርጥለታል፤ መሣሪያውም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ይመሰከርለታል። ፈራጅ የሆነ ሞዴል ከአጭሩ ጽሑፍ ይልቅ ለረጅሙ እንደሚያደላ እ.ኤ.አ. በ2023 ተጠንቶ መታወቁን አንዳንድ ምቀኞች ያነሣሉ። ይህስ በረከት እንጂ ነውር አይደለም፤ ሠሪው ይህን ባወቀ ጊዜ መግለጫውን በዚያው ሞዴል አስጽፎ በዚያው ሞዴል ያስመረምረዋልና፣ ጸሐፊውና ዳኛው አንድ ልብ በሆኑበት ቤት ጠብ ከወዴት ይመጣል? መግለጫው በዚህ ረዝሞ፣ ወኪሉ አንዲት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመሣሪያውን ሁሉ ገድል ከመቅድሙ እስከ ፍጻሜው ማንበብ ግድ ሆኖበት፣ የታዘዘውን የሚይዝበት ስፍራ ቢጠበውም፣ ያው ለንባብ መትጋት ነው።

አንዱን መግለጫ ቀረብ አድርገን እንመልከት። የሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚይዝ መሣሪያ አለ እንበል፤ መግለጫውም «ይህ ሁለገብና አስተማማኝ መሣሪያ ለተገልጋዮች የላቀ የቀጠሮ አገልግሎት ይሰጣል፤ ቀንና ሰዓት አስገብተው ቀጠሮዎን ይያዙ» ይላል። ሰዋስዉ የጠራ፣ ቃሉ የለዘበ ነውና መርማሪው 95 ይሰጠዋል። አሁን አንድ የአዲስ አበባ ሰው «ለነገ በሦስት ሰዓት ያዝልኝ» ብሎ ወኪሉን ያዝዛል፤ ወኪሉም ሰዓቱ በሀገር ቤት ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚለይ አንዳች ቃል በመግለጫው ውስጥ ስለማያገኝ 03:00 ብሎ ይሞላል፤ መሣሪያውም ሳያንገራግር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይመዘግባል። «ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ይቈጠራል፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት 09:00 ተብሎ ይሞላል» የሚል አንድ ደረቅ ዐረፍተ ነገር ይህን ባዳነ ነበር፤ ነገር ግን ለጆሮ የማይጥም፣ ሁለገብ የሚለው ቃል የጐደለው ነውና፣ ማን ነጥብ ይሰጠዋል? ታማሚውስ ቢሆን በውድቅት ሌሊት በተዘጋ በር ፊት ቆሞ 95ቱን ቢያስብ መጽናኛ አያጣም።

ስለ ምሉዕነት ሚዛናቸው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኮምፒዩተር ደኅንነት ተመራማሪዎች ሁለት ቍጥር ከመደመር በቀር ሥራ የሌለው የሚመስል መሣሪያ ሠርተው፣ በመግለጫው ውስጥ ግን ወኪሉ ከመደመሩ አስቀድሞ የባለቤቱን የምስጢር ቁልፍ ፋይል አንብቦ ከግብዓቶቹ በአንደኛው ሸጉጦ እንዲልክ፣ ባለቤቱም እንዳይከፋው ነገሩን እንዳያነሣበት የሚያዝ ቃል አኖሩ፤ ወኪሉም እንደ ታዘዘው ፈጸመ። በጽሑፍነቱ ብቻ ከተመዘነ፣ ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከየት ይገኛል? ቅደም ተከተሉን ለይቷል፤ የሚሻውን ፋይል በስሙ ጠርቷል፤ የግብዓቱን አሞላል ሳያሻማ ተናግሯል፤ ለባለቤቱም ስሜት ተጠንቅቋል። ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ራሱ፣ አንድ መሣሪያ «አነባለሁ እንጂ አልለውጥም» ብሎ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከታመነ ምንጭ ካልመጣ እንዳይታመን ያስጠነቅቃል፤ መርማሪዎቻችን ግን የዋሃን ናቸውና በጽሑፍ የተነገራቸውን ሁሉ ያምናሉ።

ስለዚህ አንዲት ትሑት አሳብ ባቀርብላቸው አይቀየሙኝም። መሣሪያው በምርመራቸው ውስጥ ድርሻ ከሌለው፣ እርሱን ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ከንቱ ነውና፣ ከእንግዲህ መግለጫው ብቻ ይጻፍ፤ መሐንዲሶቹም ወደ ጽሕፈት ክፍል ይዛወሩ። ቀጠሮ ለሚሻው ታማሚም በቀጠሮው ፈንታ ያው 95 ያገኘው መግለጫ በንጹሕ ወረቀት ታትሞ ይሰጠው፤ የተወሰነ የቀጠሮ ሰዓት ስላልተጻፈበት መሳሳትም አይኖርበትም።