«ድንገት ጠፋ» አትበሉኝ

«ኮምፒውተሬ ድንገት ይጠፋል» የሚል አበሻ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ አይጠፋም። ሃቫና ጎዳና ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ቤቱ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰበብ አለው። ሰበቡን እኔ እጠግናለሁ።

«መብራት እየሄደ ነው መሰለኝ።»

እዚህ? ፍሪጁ እየሠራ፣ ቴሌቪዥኑ እያወራ፣ ያንተን ኮምፒውተር ብቻ መርጦ በፈረቃ የሚያጠፋ መብራት የት አገር አየህ? ይልቅ የሰካህበትን ዲቫይደር እየው። ማሞቂያው፣ የቡና መፍጫው፣ የስልኩ ቻርጀር ሁሉ እዚያው ተደርድሯል። ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተህ ሞክር። ካልጠፋ፣ ጥፋተኛው ዲቫይደሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ከፍታው ነው። ዴንቨር እኮ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው።»

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የመርካቶ ኮምፒውተሮች የኦክስጅን ጭምብል አድርገው ነው እንዴ የሚሠሩት? ግን አላማህም፤ ዛሬ ከሰማኋቸው ሰበቦች እውነት ያለበት ያንተ ብቻ ነው። የዴንቨር አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከመቶ 15 ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያው ፋን ነው፣ ሙቀቱን ተሸክሞለት የሚወጣ አየር ግን ያንሰዋል። ኮምፒውተሩ አዲስ ሳለ ይህን ችሎት ነበር። አሁን የማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራ ተደፍነዋል፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ያዘግማሉ፤ ሙቀቱ አሁንም ካልበረደ እንዳይቃጠሉ ኮምፒውተሩን ያጠፉታል። ይህ ድንገት ነው? ፋኑ ወራት ሙሉ ሲጮህልህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የጨመርከው አንተ ነህ። በል፣ አቧራውን አራግፍ፤ የደረቀውን ጠርገህ አዲስ ቀባ።

«እኔ ቤት አቧራ? ቤቴን በየቀኑ ነው የማጸዳው!»

እትዬ፣ ቤትዎ ንጹሕ ነው፤ እኔ ምስክር። ኮምፒውተሩ ግን ምንጣፍ ላይ፣ ከረከቦቱ ጎን ነው የተቀመጠው። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ እስከ በረካው ድረስ አብሮ ታድሟል። ጭሱ ፋኑ ላይ ያርፋል፣ አቧራው በላዩ ይለጠፋል። ገመዱን ነቅለው ይክፈቱትና በቆርቆሮ በሚሸጠው የታመቀ አየር ይንፉት፤ ፋኑን እንዳይሽከረከር በጣትዎ ያዝ ያድርጉት። የዚህ አገር አየር ደረቅ ስለሆነ ሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት የሳጥኑን ብረት ይንኩ።

«ዊንዶውስ ራሱ ነገረኝ እኮ፤ ከርነል ፓወር 41 ይላል።»

41 መርዶ ነጋሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። ኮምፒውተሩ ሳይሰናበት መሄዱን ይነግርሃል፤ ምን እንደገደለው ግን አያውቅም። ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ከጠፋ፣ ራሙን ወይም ድራይቨሩን ጠርጥር። ሙቀቱ ደህና ሆኖ፣ ሥራ ሲበዛበት ትንፍሽ ሳይል ድርግም ካለ ግን ጣትህን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ቀስር።

«ዊንዶውስ 10 ስላበቃለት ይሆናላ።»

ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉን አቆመ እንጂ ቤትህ ገብቶ ሶኬት አልነቀለም።

«በከፈትኩት ቁጥር ቀኑ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል።»

አገሩ ናፍቆት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየቆጠረ ነዋ! ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች፤ ሲአር 2032 ብለህ ግዛ። ቀኑን ታስተካክልልሃለች፤ ከመጥፋቱ ጋር ግን ጠብ የላትም።

«ፓወር ሰፕላዩን ራሴ ፈትቼ ብጠግነውስ?»

አሳዳጊ የሚፈልጉ ልጆች የሉህም? ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ሳትከፍተው፣ እንዳለ አውጥተህ በሌላ ቀይረው።

«ከዚህ ሁሉ ጣጣ አውጥቼ ብጥለውስ?»

የት? ኮሎራዶ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ኮምፒውተር ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ከልክላለች። ኤሌክትሮኒክስ ለሪሳይክል ወደሚቀበሉት ውሰደው።

«እንግዲያውስ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ እልክለታለሁ።»

ምን በደለህ? ግድ የለም፣ አስጠግነህ ላክለት። ከመላክህ በፊት ግን ከኋላ በኩል ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቀይ የቮልት መምረጫ ካለ እየው። 115 ላይ እንደተተወ አዲስ አበባ ሄዶ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ፣ ፈንድቶ ያርፋል። ወደ 230 ገፋ አድርገህ ላክ።