ሁለት ዘፋኝ፣ አንድ ዲዳ፣ አንድ ሶፋ

«እታበባ፣ ቅዳሜ ኦፔራ ልወስድሽ ነው» ስላት አክስቴ ሆዷን ይዛ፣ «ኦፕራሲዮን? ደግሞ ምኔን ታምሜ?» አለች። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ከመጣች ጀምሮ የስኳሩንም የግፊቱንም የዓይኑንም ምርመራ በየተራ ስላስደረግኋት፣ የቀረኝ መቀደድ ብቻ ነው ብላ ብትሰጋ አይፈረድባትም። በዘፈን የሚሠራ ቲያትር መሆኑን ስነግራት ግን ተነሥታ ጥልፍ ቀሚሷን መተኮስ ጀመረች። እኔም ለሠርግ ብቻ የምትወጣውን ሱፌን አወጣሁ። ኦፔራ በሱፍ ካልሆነ በምን ይታያል?

ትኬቱን የሰጡን ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው አጫጭር አስቂኝ ኦፔራዎችን በሚያሳይ አንድ ትንሽ ቡድን ውስጥ የሚዘፍኑ ሴትዮ። «ትንሽ ቡድን ነው» ሲሉኝ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ደርሰን ስናይ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ታጣፊ ወንበር፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ አረንጓዴ ሶፋ። ተመልካቹ ጂንስና ሹራብ ለብሶ መጥቷል፤ ሱፍ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። በር ላይ ትኬት የሚቀበለው መነጽራም ሰውዬ አክስቴን በነጠላና በጥልፍ ሲያያት ምን እንደመሰለችው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ከፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ አስቀመጠን። እዚያ የተቀመጠ ሰው አያንቀላፋም፣ ሹልክ ብሎም አይወጣም።

ከዘፈኑ በፊት ልመና ነበር። የቡድኑ ሊቀመንበር ወጥተው የአዳራሹን ኪራይ፣ የፒያኖ ቃኚውን ክፍያ፣ ያለፈውን ዓመት ኪሳራ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። አክስቴ ቃሉ ባይገባትም ዜማው ገብቷት፣ «መዋጮ ነው አይደል?» ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። አርባ ዓመት ዕድርተኛ ለሆነ ሰው ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ሥራ የፔርጎሌዚ «ላ ሰርቫ ፓድሮና» ነው፤ በእኛ «እመቤት የሆነችው ሠራተኛ» ልንለው እንችላለን። ፔርጎሌዚ ይህን በ1733 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ኔፕልስ ላይ ሲያሳይ ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበር። ዋና ሥራዬ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ለእቴጌ ኤልሳቤጥ ክርስቲና ልደት የተሰናዳ ረጅምና ኮስታራ ኦፔራ። ይቺ በኮስታራው ክፍሎች መካከል ሰው እንዳይሰለች ጣልቃ የምትገባ ማዋዣ ነበረች። ኮስታራውን ዛሬ ከታሪክ አጥኚ በቀር የሚያነሣው እምብዛም ነው፤ ማዋዣዋ ሜሪላንድ ምድር ቤት ድረስ መጣች። ልጁ በ26 ዓመቱ ስለሞተ ይህን አላየም።

ትንንሽ ቡድኖች ለምን እንደሚወዷት ለማወቅ ደግሞ መደመር መቻል ይበቃል። ሦስት ሰው ነው ያላት፤ ከሦስቱ የሚዘፍኑት ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው፣ ቬስፖኔ የሚባለው አሽከር፣ ዲዳ ነው። ዘፋኝ ክፍያ ይጠይቃል፤ ዲዳ ምን ብሎ ይጠይቃል? ሁሉም ነገር አንድ ሶፋ ላይ ተጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኡቤርቶ የሚባል ሀብታም ወንደላጤ ቸኮላት አምጪልኝ ብሎ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ሠራተኛው ሰርፒና ቸኮላቱን ታመጣ ይሆን? አታመጣም። ይባስ ብላ ረፍዷልና ከቤት አትወጣም ብላ በር ልትቆልፍበት ትነሣለች። እኔ ይህን ከግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ከሚወጣው ትርጉም ነው የማነበው። አክስቴ ግን ማንበብ አላስፈለጋትም። በአንድ ዓመት አራት ሠራተኛ የቀያየረች ሴት ናት፤ የመጨረሻዋ ዶሮ ወጥ አሳምራ መሥራት በተማረች በሳምንቷ ዓረብ አገር ሄዳባታለች። «ይቺን ማን የሚሉት ደላላ ነው ያመጣላቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ሰርፒና ወደ በሩ ስትሄድ ሹክሹክታው ቀረ። «ቁልፉንማ እንዳትሰጣት!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ኡቤርቶ የሆነው ወፍራም ሰውዬ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆሞ አክስቴን አያት። ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። «ብራቮ ነው ያለችው» አልኩ። አጨበጨቡ።

ስለ ሳቁ አንድ ነገር ልበል። ትርጉሙ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ከዘፋኙ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቀልዱን አንብቦ ይስቃል፤ ዘፋኙ በሳቁ ውስጥ ይዘፍናል፤ ቀልዱ ከጉሮሮው ሲወጣ ቤቱ መቃብር ነው። ትንሽ ዘግይቶ የሚስቅም አለ፤ እሱ የጎረቤቱን ሳቅ ሰምቶ ነው። እኔ ከእነዚህ ነበርኩ። በትክክለኛው ሰዓት የሳቀችው ማንበብ ትታ የሰውዬውን ፊት የምታየው አክስቴ ብቻ ናት።

ሰርፒና ጌታዋን ማግባት ነው የፈለገችው። ዲዳውን አሽከር ወታደር አስመስላ አልብሳ፣ እጮኛዬ ነው ብላ ታመጣዋለች። ወታደሩ አራት ሺህ ስኩዲ ጥሎሽ ካልሰጠህ ራስህ አግባት ይላል፤ ይላል ማለት እሷ ናት የምታስተረጉምለት። ኡቤርቶ ገንዘቡን ከመስጠት ትዳሩ ረከሰለትና አገባት። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «እሷስ እሺ፤ ሁሉን የሠራው ያ ዝምተኛው ነው፤ ለእሱ ምን ደረሰው?»

ያ ዝምተኛው ለካ በር ላይ ትኬት የተቀበለን መነጽራም ኖሯል። ዕረፍት ላይ ደግሞ ቡና ሲሸጥ አገኘሁት። ገንዘብ ያዡም እሱ ነው። አንድ ቃል ሳይናገር ያመሸ ሰው ስለሆነ መሰለኝ፣ አፉን ሲከፍት የሚያቆመው ጠፋ። የሙዚቃ ደራሲውን የኦፈንባክን ነገር የሰማሁት ከእሱ ነው።

ኦፈንባክ በ1855 የዓለም ኤግዚቢሽን ፓሪስ ላይ ሲካሄድ ሻንዜሊዜ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቲያትር ከፈተ። መንግሥት የሰጠው ፈቃድ ግን ከዚያም ይጠብ ነበር፤ ባለ አንድ ገቢር ሥራ ብቻ፣ የተዋናዩም ቁጥር በጣት የሚቆጠር። እሱም በመክፈቻው ቀን ዕውር መስለው ድልድይ ላይ የሚለምኑ ሁለት ሰዎች በቦታ ሲጣሉ አሳየ፤ ሁለት ሰው፣ በፈቃዱ መሠረት። በ1857 ግን «ክሮክፌር» ለሚባል ሥራ አምስት ሰው አስፈለገው፤ የተፈቀደለት አራት ነው። ምን አደረገ? አምስተኛውን በጦርነት ምላሱን ያጣ ፈረሰኛ አደረገውና ንግግሩን በሰሌዳ ጽፎ ከፍ እያደረገ ያሳይ ጀመር። ሕጉ የሚናገርን እንጂ የሚያስነብብን አልከለከለም። ፎቅ አትሥራ ሲባል «ቆጥ ነው» የሚል የሠፈራችን ሰው ኦፈንባክን ቢያገኘው ወንድሜ ብሎ ያቅፈው ነበር። በዓመቱ ገደቡ ሲላላለት የኦሊምፐስን አማልክት በሙሉ መድረክ ላይ ጫናቸው።

ከዕረፍት በኋላ የሞዛርት «የቲያትሩ ሥራ አስኪያጅ» ሆነ። ሁለት ሶፕራኖዎች የመጀመሪያዋ ዘፋኝ እኔ ነኝ እያሉ በድምፅ የሚሞሻለቁበት ነው። ሞዛርት ይህን በ1786 ቪየና፣ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ሲያሳይ፣ በዚያው ምሽት በዚያው አዳራሽ ሌላ ጫፍ የሌላው ሙዚቀኛ የሳሊየሪ ሥራ ቀርቦ ነበር። ለሳሊየሪ 100 ዱካት፣ ለሞዛርት 50 ተከፈለ። የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ከሶፕራኖዎቹ በፊት የቤተ መንግሥቱ ገንዘብ ያዥ ነግሮታል ማለት ነው።

ከሁለቱ ሶፕራኖዎች አንዷ ጎረቤቴ ናቸው። ሳምንቱን በሙሉ በሊፍት ውስጥ ያሳዩኝ የነበረው የፕሮግራሙን ወረቀት ነው፤ ስማቸው ከሌላዋ በታች ወጥቷል። «በፊደል ተራ ነው ይሉኛል» አሉኝ። የእሳቸው ስም በኤም፣ የሌላዋ በኤስ ይጀምራል። በአገራችን የኮንሰርት ፖስተር ላይ የማን ፎቶ ገዘፈ ተብሎ የሚኮራረፈውን ስለማውቅ በሚገባ አዘንኩላቸው። ያን ቀን መድረክ ላይ የዘፈኑት ግን ትወና አልነበረም። አክስቴ እጄን ጨብጣ፣ «እነዚህስ ከልባቸው ነው የሚጣሉት» አለች።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ አበባውን ተሰጣጥቶ፣ ተሳስሞ ሄደ። ምድር ቤቱ ውስጥ የቀረነው አክስቴ፣ እኔ፣ ዲዳውና ሶፋው ነን። አዳራሹ እስከ አራት ሰዓት ባዶ መሆን አለበት። ሰውዬው ሶፋውን አየ፣ ሱፌን አየ፣ ከዚያ መኪናዬ ስንት ሰው እንደምትይዝ ጠየቀኝ። ልዋሽ ስል አክስቴ ቀደመችኝ፤ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ግን ሶፋና ላብ ያጠመቀው ሰው ማየት ይበቃታል። «አንሣለት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!»

ሶፋው እኔ ቤት ከገባ አምስት ወር ሆነው። አክስቴ እስክትሄድ ቡናዋን እዚያ ላይ ጠጣች፤ አገሯ ገብታም ስትደውል ከእኔ ደኅንነት ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ ዝምተኛው ሰውዬ ነው። እሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ትርኢት የሚዘፍን አላጣሁም፣ ያጣሁት የማይናገር ሰው ነው፣ አንተ ደግሞ ዝምታህ ደስ ይለኛልና ቬስፖኔን ሁንልኝ ብሎኛል። ልምምዱ ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባዶ ጋራዥ ያለህ አንባቢ ካለህ ግን፣ ሶፋው ንጹሕ ነው፤ የሚወላገደው አንድ እግሩ ብቻ ነው።