የአኮ ኮሪደር

የወለጋ ሰው ስለ መርከብ ምን ያውቃል የሚል ካለ አያቴን አላገኛትም። አኮ የተወለደችው ደምቢ ዶሎ ነው፣ ከተማው ገና ሰዮ እየተባለ በሚጠራበት ዘመን። አባቷ ቡና በበቅሎ ጭነው ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርዱ ነጋዴ ነበሩ። ጋምቤላ ደግሞ ወደብ ነበር። ለዛሬ ልጅ ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል እንጂ፣ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተሰጥቶ፣ ከካርቱም የተነሳ የእንፋሎት መርከብ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥቶ፣ ወደ ሶባት ታጥፎ፣ በባሮ በኩል እስከ ጋምቤላ ይዘልቅ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

መርከቡ ግን አመል ነበረው፤ የሚመጣው በክረምት ብቻ ነው። ባሮ ሲሞላ ይመጣል፣ ሊጎድል ሲል ይሄዳል፤ ልሰንብት ያለ እንደሆነ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ስለዚህ እህቴ ከሚኒሶታ ደውላ «አኮ፣ እዚህ ስትመጪ በትልቅ መርከብ ልናዝናናሽ ነው» ስትላት፣ አኮ እንደ እኛ አፏን አልከፈተችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በየትኛው ወር?»

«በሐምሌ።»

«እንግዲያው ውሃ ይኖራል» አለችና ተስማማች።

ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የእህቴ ነበር። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ በአንድ መርከብ! ፈረንጆቹ ይህን ዓይነት ዕረፍት ይወዱታል፤ መርከቦቹም የሚሠሩት ይህንኑ አስበው ነው። ለሕፃኑ መንሸራተቻ፣ ለጎረምሳው ጌም፣ ለአባወራው ጂም፣ ለአሮጊቷ ሙዚቃና የፀሐይ ወንበር። ሁሉም የየራሱን ያገኛል፤ ማታ እራት ላይ ይገናኛል። እኛ አገር ዕረፍት ማለት ዘመድ ቤት መሄድ ነው፤ ሄደህም አታርፍም። ነቀምቴ ያደገ ሰው ክረምቱን ጊምቢ አክስቱ ጋ ቢላክ ውሃ ይቀዳል፣ ጥጃ ያግዳል፣ እንግዳ ሲመጣ እግር ያጥባል፤ ሲመለስ «እንዴት ነበር ዕረፍት?» ተብሎ ይጠየቃል።

ቆላው ኡኬ ወርዶ የሚያርሰው አጎቴም ተጋብዞ ነበር። ባህሩ የካሪቢያን ባህር መሆኑንና ሞቃት መሆኑን ስንነግረው ስልኩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሙቀት ፍለጋ ነው ይህ ሁሉ?» አለ። «ኡኬ ምን አጥፍታ ነው? ከነቀምቴ በሚኒባስ ቁልቁል መውረድ ነው። ቁጭ ባላችሁበት ያልባችኋል። ማንጎም አለ።» ለማንኛውም ቪዛውን እንኳ አልጠየቀም። ሐምሌ የአረም ጊዜ ነው፤ ሰሊጡን ለካሪቢያን ብሎ አይጥልም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት እንዲህ ሆነን ማያሚ ወደብ ቆምን። የዚያን ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ነበር፤ ፊንላንድ ቱርኩ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከዚያው ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው መርከብ። 20 ፎቅ አላት። ስትሞላ 7,600 ተሳፋሪና 2,350 ሠራተኛ ትይዛለች። ታይታኒክ በመርከብ መለኪያ 46,328 ቶን ነበረች፤ ይቺ 248,663 ናት፤ አምስት ታይታኒክ ተደራርቦ ገና ይተርፋታል። ውስጧ በስምንት «ሰፈር» ተከፍሏል ይላሉ። የእኛዋ ከእሷ አነስ የምትል ነበረች፤ ስሟን ልተወው፣ ወደፊት የምለው ሁሉ ምስጋና አይደለምና። ብታንስም ግን አንዱ ጫፏ ላይ ቆሞ ሌላው ጫፏ አይታይም።

አኮ ሽቅብ አየቻት። ከነቀምቴ መካነ ኢየሱስ ሰዎች አንዷ ናትና ሌላም መርከብ ታውቃለች፤ የኦነሲሞስ ነሲብን። በልጅነቱ ተፈንግሎ የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ ስዊድን ተልኮ የተማረ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ያሳተመ፣ በ1904 ነቀምቴ የገባ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ወደቡ ላይ ሰልፍ ይዘን ለልጆቹ ተረከችላቸው። ሲያበቃም፣ «ኦነሲሞስ ባህር ተሻግሮ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጣ። እናንተ ምን ይዛችሁ ልትመለሱ ነው?» ብላ ጠየቀች። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ለረጅም ጊዜ አሰበና «ማግኔት» አለ። የፍሪጅ ማለቱ ነው። ቃሉንም ጠብቋል።

ፍተሻው ላይ ጀበናው አለፈ፤ ምድጃው ተያዘ። መርከብ ላይ ከእሳት የበለጠ የሚፈራ ነገር የለም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ካውያ ሳይቀር ክልክል ነው። ዕጣኑ ሲወጣ ፈታሹ አሸተተው፣ መልሶም አሸተተው፣ ከዚያ በሐዘን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። በትንሽ ዕቃ የያዝነው ቡነ ቀላ ግን አከራከረ። በቅቤ የተጠበሰ ቡና ከነገለባው እንደሚበላ ለአንድ የማያሚ ፈታሽ ማስረዳት ከባድ ነው። ሰውየው ፍሬውን በብርሃን ሲያይ አኮ እጇን ዘርግታ ከዕቃው ዘግና ልታጎርሰው ስትል «ግቡ፣ ግቡ» ብሎ አሳለፈን።

መርከብ ከመነሳቱ በፊት ተሳፋሪ ሁሉ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያውን ማወቅ አለበት፤ ሕጉ ዓለም አቀፍ ነው። ማስጠንቀቂያው ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ድምፁ እንደተሰማ አኮ ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ጫማዋን አደረገች።

«ማን ነው የሞተው?»

የእድር ጡሩንባ መስሏታል። ልምምድ መሆኑን እህቴ ብታስረዳትም ነጠላውን አልመለሰችም። «ይህን ያህል ሰው ባለበት ቦታ ዛሬ ማንም አልሞተም ትዪኛለሽ?» አለች። ሄደን መሰብሰቢያው ጋ ቆምን። የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለባበስ ስታሳይ አኮ በአክብሮት አንገቷን ደፍታ ቆየች። ዙሪያችን የነበሩት አንዳንድ ሰዎችም እሷን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

እህቴ ሦስት ክፍል ይዛ ነበር። አንዱ ለአኮና ለእማዬ፣ አንዱ ለእሷ ቤተሰብ፣ አንዱ ለእኔና ለጎረምሳ ልጇ። ዕቅድም አውጥታለች፤ በስልካችን ላከችልን፤ ጠዋት ዋና፣ ከሰዓት ትርዒት፣ ማን የት እንደሚሆን። ዕቅዱን ያፈረሰው አንድ ወንበር ነው። አኮ ክፍሏን «ሳጥን» ብላ ጠላችው፤ ወንበሯን አወጣችና በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጠች። ነቀምቴም ከሰዓት በኋላ የምትቀመጠው ደጅ ነው፤ ደጅ ያልተቀመጠ ሰው አላፊ አግዳሚውን እንዴት ይጠይቃል?

እማዬ «ብቻዋን እንዴት ትሁን» ብላ ትራስ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ሻይ ላደርስላቸው ሄጄ ቀረሁ። የእህቴ ባል ጂም ሊሄድ በዚያ ሲያልፍ «ና ትንሽ ተጫወት» ተባለ፤ አማቱንና የአማቱን እናት እምቢ ብሎ ወዴት ይሄዳል? ልጆቹ ከነርጥብ ልብሳቸው ከመንሸራተቻው መጡ። ሙቅ ውሃ ከምግብ አዳራሹ በፔርሙዝ አስመጥተን፣ የተፈጨ ቡና በጥብጠን፣ ጀበናው ውስጥ ገልብጠን ቀዳን። አኮ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች፤ «ቡና አይደለም፣ የቡና ወሬ ነው» አለች። እንዲያም ሆኖ ቶናና በረካውን አላስቀረችም። ከዚያ ወዲያ ሰባት መዋኛ ቢኖር፣ ቲያትር ቢኖር፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ቢኖር እኛ የምናውቀው ያንን ኮሪደር ነው። ለመገንባት ዓመታት የፈጀ መርከብ ተከራይተን ከርዝመቱ ስድስት ሜትር ተጠቀምን። እህቴ ሒሳቡን እያሰበች በሌሊት ትነቃ ነበር።

ምግቡን በተመለከተ ሌላ ጣጣ ነበር። የምግብ አዳራሹ የሌለው የለም፤ የጎደለው «ብሉ» የሚል ሰው ብቻ ነው። ወለጋ ውስጥ ማንም ሳይለመን አይበላም፤ «ኛዱ! ኛዱ!» ተብሎ፣ እምቢ ብሎ፣ እንደገና ተብሎ ነው እጅ የሚሰነዘረው። እዚህ ሺህ ሰው ሳህኑን ይዞ በራሱ ፈቃድ ያነሳል። አኮ ሳህኗን ባዶ ይዛ ቆመች። በመጨረሻ ጎረምሳው ነገሩ ገባውና ከፊቷ ቆሞ «አኮ፣ ኛዱ!» እያለ በየድስቱ ሥር ለመናት። ከኋላችን የቆሙ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ተመልክተው ሲያበቁ የራሳቸውን የልጅ ልጅ በክርናቸው ጎሰም አደረጉት።

መርከቧ መሐል ላይ እውነተኛ ዛፍና አበባ ያለበት መናፈሻ ነበር። አኮ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ነካች፣ ከቅጠሎቹ ሥር ፈለገች፣ ቀና አለች። «አረም የለውም» አለች። «አረም የሌለው መሬት አላምንም።» ማታ ከኡኬ ሲደወል ለልጇ የነገረችው ይህንን ነው። አጎቴም ሰሊጡ መሐል ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሲስቅ ተሰማ፤ ኢንተርኔቱ በክፍያ ስለነበር ያ ሳቅ ርካሽ አልነበረም።

ነጭ የለበሰ መኮንን በኮሪደሩ ሲያልፍ ደግሞ አስቁማው፣ «በበጋ ይህ ባህር የት ድረስ ይጎድላል?» አለችው። የእህቴ ልጅ ተረጎመ። መኮንኑ በጨዋነት ፈገግ አለ። እኔ በአያቴ ፈንታ ተቀየምኩ፤ ባሮ ላይ ከካፒቴን የሚጠበቀው የመጀመሪያው ዕውቀት እኮ ይህ ነበር።

የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት ላይ ሁሉም ወረደ። አኮ ብቻ አልወርድም አለች። «ዘመድ የሌለኝ አገር ወርጄ ማን ቤት ልገባ?» ስንመለስ ክፍላችንን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ወጣት ከወንበሯ አጠገብ ተንበርክኮ ስልኩን ያሳያታል። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፎቶው ላይ አንዲት አሮጊት ሁለት ሕፃናት ታቅፈዋል፤ እናቱና ልጆቹ ናቸው። የሥራ ውሉ ብዙ ወር ነው፤ ትንሹን ያየው በስልክ ብቻ ነው። የእኛን አራት ትውልድ አልጋ በየጠዋቱ የሚያነጥፈው እሱ ነበር።

አኮ ልትመርቀው ተነሳች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መርከብ ላይ ከእሳት ቀጥሎ የሚፈራው የሆድ በሽታ ነው። ኖሮቫይረስ የሚሉት አንድ ሰው ከያዘ ፎቁን ሁሉ ያዳርሳል፤ ስለዚህ በየበሩ ሳኒታይዘር ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ። አኮ ደግሞ በደረቁ አትመርቅም። ራሱን ያዘችና «ዋቃ ቤትህ ያግባህ፣ ልጆችህን አቅፈህ ሳም፣ እትፍ! እትፍ!» አለችው። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። ወጣቱ ምርቃቱ እስኪያልቅ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ጥቂት እርምጃ ሄደ፣ ከኪሱ ሳኒታይዘር አወጣና ግንባሩን ቀባ። አኮ አይታዋለች። ቅባት መስሏት ደስ አላት።

(የመርከብን ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ በየከተማው አስፋልት ላይ እያለፈች ወደ ጣና ስትጓዝ አኮ በቴሌቪዥን ተከታትላለች። «መርከብ ማለት ይቺ ናት፤ ሰው ደጅ ድረስ ትመጣለች» ብላለች።)

የመጨረሻው ማታ በስልክ መጠይቅ መጣልን። እህቴ ለአኮ እያነበበች ትሞላለች። ምግቡ? «ብዙ ነው።» ክፍሉ? «ሳጥን ነው።» መስተንግዶው? «ያ ልጅ እናቱ ጋ ይሂድ በይልኝ።» ለዚህ የሚሆን ሳጥን ስላልነበረ እህቴ አምስት ኮከብ ሰጠች።

«የመጨረሻው ጥያቄ፤ ይህን ጉዞ ለወዳጅዎ ይመክራሉ?»

አኮ አሰበች።

«ወዳጆቼ አልቀዋል። የቀረችው አንዷ ጊምቢ ናት፤ እሷንም አውቶቡስ ላይ ያስመልሳታል።»

እህቴ «አዎ» የሚለውን ተጫነችና ላከችው።