ለባሱንዳ የሚሆን ማጠቢያ

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው አቅጣጫ፣ ባሱንዳ ላይ፣ ለቤታችሁ የመኪና ማጠቢያ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። በቅድሚያ የሚመረጠው ግን ውሃውን የሚያመጣው አህያ ነው።

ለቤት የሚሸጠው ማሽን አብዛኛው ከ100 ባር በላይ ይገፋል፤ የመኪና ጎማ እንኳ የሚነፋው በ2 ባር ገደማ ነው። ሻጩ ይህን ሲነግራችሁ ደረቱ ይነፋል። በደቂቃ ከ5 እስከ 7 ሊትር እንደሚጠጣ ግን በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሦስት በአራት ደቂቃ ጭልጥ! ውሃው ደግሞ በአህያ ጋሪ የመጣ፣ በገንዘብ የተገዛ ነው። ከሐፊር፣ ማለትም ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ፣ የተቀዳ ከሆነ ጭቃውም አብሮ ተሸጧል፤ ደለሉ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ውሃ ያጣ ፓምፕም ይቃጠላል። ጭቃን በጭቃ ለማጠብ ይህን ያህል ወጪ!

ክረምት ሲገባስ? ውሃው ከሰማይ በነጻ ይወርዳል። ያን ጊዜ ጥቁሩ ዋልካ መኪናውን ጎማው ድረስ ውጦ ይይዘዋልና፣ ከማጠብ መጎተት ይቀድማል። በጋ ሲመጣ መንገዱ ይከፈታል፣ አቧራው ይነሣል፣ ውሃው ይሸሻል። ማሽኑ በሁለቱም ወቅት ሥራ ፈትቶ እንደ አማች በክብር ይቀመጣል። 1,400 ዋት ገደማና ከዚያ በላይ የሚፈልገውን መብራት ከየት ታመጣላችሁ ብዬ አልጠይቅም፤ ጨዋ ሰው ነኝ።

ለጊዜው የባሱንዳ ምርጥ ማጠቢያ ባልዲና እራፊ ጨርቅ ነው። አንድ ጀሪካን መኪናውን አዳርሶ ለእግር መታጠቢያ ይተርፋል።