ኮርስ ነው ወይስ ማውንቴን?

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። «ኮርስ ነው ወይስ ማውንቴን?» ኧረ ወንድሜ፣ መንገዱ መቼ አንድ ሆነና! ከሰፈር ስንወጣ ኮብልስቶን፣ ከዚያ እስከ ሆለታ አስፋልት፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ስንታጠፍ ደግሞ ፒስታ። ዝናብ ከጣለ ፒስታውም ጭቃ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ።

ኮርሱን ገዛን እንበል። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማው አስፋልት ላይ ይበራል፤ ኮብልስቶኑ ላይ ጥርሳችንን ያንገጫግጫል፤ ፒስታው ላይ ሲደርስ ድንጋዩ የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይበሳዋል። ሰፋ ያለ ጎማ እናስገባ ስንል ፍሬኑ አያሳልፍም። ማውንቴኑን ስንገዛ ደግሞ ያ ጥርሳም ጎማ አስፋልቱን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፤ ርካሹ የፊት ሞላም ዳገት ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ጉልበታችንን ይበላል። ሻጩ ግን ዋጋ የሚጨምርብን «ሞላ አለው» እያለ ነው!

መካከለኛው ጎማ እኮ በዓለም ላይ አለ። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ መሃሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥርስ ያለው። መርካቶን ዞረን ዞረን የምናገኘው ግን ወይ ቀጭኑን ወይ ወፍራሙን ነው።

የቁጥሩን ነገር ደግሞ ባናነሳው ይሻል ነበር። 29 የሚባለው የማውንቴን ቸርኬና 700 የሚባለው የኮርስ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር እኩል 622 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተለመደው የማውንቴን 26 ደግሞ 559። የጎማው ጎን ላይ 40-622 ተብሎ ተጽፏል፤ የፊተኛው ስፋቱ፣ የኋለኛው ቸርኬው። ማን ያነበዋል? «ይገባል፣ ይገባል፣ ውሰደው» እንባላለን። ቤት ወስደን ስንሞክረው አይገባም፤ ስንመልሰው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ይጠብቀናል።

ጎሚስታ ቤት ስንሄድ ቀጭኑ የኮርስ ቫልቭ ከመኪናው መሙያ ጋር አይገጥምም፤ ማገናኛዋን ኪሳችን ይዘን ካልዞርን በቀር ቆመን መቅረት ነው። ከገጠመም ጎሚስታው ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን ይሞላዋል። ሰፊ ጎማ ፒስታ ላይ የሚመቸው አየሩ ቀነስ ሲል ነው ብንለው «በኋላ ይበሳብሃል» ይለናል።

ክረምት ሲመጣ ዋልካው አለ። ጎማው ላይ ይለጠፍና ፓራፋንጎው ስር ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይክሉ እኛን መሸከሙ ቀርቶ እኛ እሱን እንሸከማለን። እዚህ ላይ የጎማው ጥርስ ብቻውን አያወጣንም፤ የሚያወጣን በጎማውና በሳይክሉ አካል መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስንገዛ ግን ስለ ክፍተት የነገረን የለም፤ የተነገረን ስለ ቀለሙ ነው።

አስመጪዎች፣ እባካችሁ ከኮንቴይነሩ ጥግ ላይ ጥቂት መካከለኛ ጎማ ጣል አድርጉልን። እስከዚያው ሞላ የሌለው አሮጌ ባለ 26 ማውንቴን ፈልጋችሁ ለስለስ ያለ 1.75 ኢንች ጎማ አስገቡበት፤ ሰፊው ፍሬም ቀጭን ጎማ ይቀበላል፣ ጠባቡ ግን ሰፊ አይቀበልም።