ጥንቸልን ጓሮ ለቅቆ የማጣት ሙሉ መመሪያ

ጥንቸሉን ጓሮ ለቅቆ በፍጥነት ማጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሰባት ምክሮች ይፈጽም። ከሰባቱ አንዱን ብቻ አጥብቆ ቢይዝም ብዙ ጊዜ ይሳካለታል።

ምክሮቹ የተጻፉት ግን ጥንቸሉን ለሚወድ ሰው ነው፤ ገልብጦ እንዲያነባቸው። ጥንቸሉን ከሳጥን አውጥቶ ሣር ላይ የሚለቅ ሰው ጨካኝ አይደለም። ሐሳቡም ትክክል ነው፤ ጥንቸል መሮጥ፣ መዝለል፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ዙሪያውን መቃኘት አለበት። በጠባብ ሳጥን ዕድሜውን የሚገፋ ጥንቸል አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። በእንግሊዝ የጥንቸሎችን ደኅንነት የሚከታተለው ማኅበር ለሁለት ጥንቸሎች ቢያንስ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 1 ሜትር የሚደርስ፣ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋባቸው ቦታ እንዲሰጣቸው ይመክራል። ጥፋቱ የሚመጣው ጓሮው ሳይዘጋጅ በሩ ሲከፈት ነው።

አንደኛ፦ የሜዳውን ጥንቸል የሚያውቅ የቤቱንም አውቃለሁ ይበል

በኢትዮጵያ ሜዳ ከቁጥቋጦ ሥር ድንገት ተፈትልኮ የሚሮጠው ባለረጅም እግር የዱር ጥንቸል ዋሻ ቆፍሮ አይኖርም። ቀኑን ሣር ውስጥ ተጋድሞ ይውላል፤ ልጆቹም ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ሰው ቤት የሚያድገው ጥንቸል ከዚህ የተለየ ዝርያ ነው። መነሻው ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል ያሉበት ምድር ሲሆን ኑሮው ከመሬት በታች ነው። ልጆቹ ጉድጓድ ውስጥ፣ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ።

የቤቱ ጥንቸል ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ጆሮው የቆመም ይሁን የተንጠለጠለ፣ አፈር ላይ ሲለቀቅ በፊት እግሮቹ መጫር ይጀምራል። ይህን ያላወቀ ባለቤት ጥንቸሉ እንዳያመልጠው የውጭውን በር ሲጠብቅ ይውላል። ጥንቸሉ ግን የሚወጣው በአጥሩ ሥር ነው።

ሁለተኛ፦ አጥሩ ከላይ ብቻ ይታይ

የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ጥንቸልን ለማገድ እ.ኤ.አ. በ1901 የሽቦ አጥር ማጠር ጀመረ። ሥራው በ1907 ሲያበቃ ሦስት አጥሮች ተዘርግተው፣ የአንዱ ርዝመት ብቻ 1,833 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ሽቦው መሬት ውስጥ እንዲገባም ተደርጓል። ጥንቸሎቹ ግን ሥራው ገና ሳያልቅ የመጀመሪያውን አጥር አልፈው ተገኙ፤ ለዚህ ነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ያስፈለጉት።

ለቤት ግቢ ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። የቆርቆሮ አጥር ከላይ ሲያዩት ድፍን ይመስላል። ከታች ግን ዝናብ አፈሩን የበላበት ቦታ ይኖራል፣ በበሩ ሥር የብርሃን መስመር ይታያል፣ የጎርፍ መውረጃው ቀዳዳ ወደ መንገድ ይወጣል። የጥንቸል ራስ ያለፈበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ገላውንም ያሳልፋል። ስለዚህ በአጥሩ ሥር ቀዳዳው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በብየዳ የተያያዘ ጠንካራ ሽቦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበር፤ ወይም ከአጥሩ ግርጌ ወደ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተነጥፎ ሣር ይብቀልበት። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ጥንቸል በጥርሱ ሊበጥሰው፣ ውሻም ሊቀድደው ይችላል።

ቁመቱም ይታሰብበት። ጥንቸልን በእንቅፋት ላይ ማዘለል ስፖርት በሆነባት ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጥንቸል 107 ሴንቲ ሜትር ዘሎ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። የቤቱ ጥንቸል ያን ያህል አይዘል ይሆናል፤ የደነገጠ ጥንቸል ግን ባለቤቱ አይቶት የማያውቀውን ዝላይ ይዘላል።

ሦስተኛ፦ ሲመሽ ብቻውን ይተው

ጥንቸል ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። አዳኞቹም ይህን ሰዓት ይወዱታል። ቀን ጭልፊት ከላይ ያንዣብባል፤ ሲጨልም ዶሮ የለመደ ሸለምጥማጥ በአጥር ላይ ይመጣል፤ የጎረቤት ድመትና ውሻ ሰዓት አይመርጡም። ውጭ አገር ላለ ባለቤትም ያው ነው፤ ለንደን ጓሮ ውስጥ ቀበሮ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ቀበሮም ራኩን የተባለው አውሬም አለ። የጥንቸል ዓይን በራሱ ጎንና ጎን ስላለ ዙሪያውን ሁሉ ሊያይ ምንም አይቀረው፤ ጠላቱን ቀድሞ ያያል። የሚሸሽበት ቦታ ከሌለው ግን ማየቱ አያድነውም።

አዳኙ ሳይነካውም ሊሞት ይችላል። ውሻ በሽቦ ማዶ ሲጮህበትና ሲዘልበት የቆየ ጥንቸል በድንጋጤ ብቻ ልቡ ሊቆም ይችላል። አጥንቱም ስስ ነው፤ ከክብደቱ ውስጥ የአጥንቱ ድርሻ 8 በመቶ ገደማ ሲሆን የድመት ግን ከ12 በመቶ በላይ ነው። የኋላ እግሮቹ ጡንቻ በአንጻሩ ብርቱ በመሆኑ፣ ልጅ በደረቱ ብቻ አንጠልጥሎ ሲያነሣው የሚወራጨው ጥንቸል የገዛ አከርካሪውን ሊሰብር ይችላል። ጥንቸል ሲነሣ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ ሌላው ከኋላው ሥር ይሁን፤ ልጆች ደግሞ መሬት ተቀምጠው ወደ እነርሱ እስኪመጣ ይጠብቁ።

ጓሮው ውስጥ ሁለት በር ያለው የእንጨት ሳጥን ወይም ሰፊ የሲሚንቶ ቱቦ ይቀመጥለት። ሁለት በር የሚያስፈልገው አዳኝ በአንዱ ሲመጣ በሌላው እንዲወጣ ነው። የኋላ እግሩን በኃይል መሬት ላይ ሲመታ ከተሰማ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ነውና ሰው ወጥቶ ይይ። ሳይመሽም ከላይም ከታችም ሽቦ ወዳለው ማደሪያው ይግባ።

አራተኛ፦ ያገኘውን ይብላ፣ እንስሳ የሚጎዳውን ያውቃል ይባል

አያውቅም፤ ቢያንስ የቤቱ ጥንቸል ባልለመደው ጓሮ በዚህ አይታመንም። ጥንቸል ማስታወክ ስለማይችል አንዴ የዋጠውን መልሶ አያወጣውም። የአቮካዶ ቅጠል ይመርዘዋል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ የጉሎ ፍሬ፣ ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደርም እንዲሁ። ለአይጥ የተቀመጠ መርዝና ለአበባ የተረጨ ፀረ ተባይም አደገኛ ናቸው።

ጥሩ ሣርም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በድርቆሽና በፉርሽካ የቆየ ሆድ በአንድ ቀን ለምለም ሣር ላይ ሲለቀቅ ይነፋል ወይም ይቀዝናል። ለመጀመሪያው ቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያም በየቀኑ እየጨመሩ ማስለመድ ይገባል። በማሽን ታጭዶ የተከመረ ሣር ቶሎ ስለሚግልና ስለሚበላሽ አይሰጠው። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ድርቆሽ ምንጊዜም ከፊቱ አይታጣ፤ ጥርሱን የሚሞርድለት፣ አንጀቱንም የሚያንቀሳቅስለት እርሱ ነው።

ባለቤቱ በየጠዋቱ የሚመለከተው አንድ ነገር ፋንድያው ነው። የጤነኛ ጥንቸል ፋንድያ ክብ፣ ደረቅና ሽምብራ የሚያህል ሲሆን በብዛት ይገኛል። ካነሰ፣ ቅርጹ ከተበላሸ ወይም ከጠፋ አንጀቱ እየቆመ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል ሕመሙን ይደብቃል፤ የደከመ መሆኑን ያሳየ እንስሳ ቀድሞ ይበላልና። ጥግ ይዞ ተኮማትሮ፣ ዓይኑን ከፊል ጨፍኖ፣ ጥርሱን እያፋጨ የተቀመጠ ጥንቸል «ደክሞት ነው» ተብሎ አይተው። ለግማሽ ቀን ምግብ ካልነካ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አምስተኛ፦ ፀሐይ ላይ ይዋል

ጥንቸል እንደ ሰው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በጆሮዎቹ ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ከ30 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጠዋት ጥላ የነበረው ጥግ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እንደሚመታው ባለቤቱ አስቀድሞ ይይ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሳጥን ጥላ አይባልም። በከባድ ሳህን ውሃ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛ የወለል ሸክላ ይቀመጥለት።

ሙቀት ዝንብንም ያመጣል። ከጅራቱ ሥር ያለው ጠጉር በሽንት ወይም በቅዘን ከረጠበ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚፈለፈለው ትል የጥንቸሉን ሥጋ በሕይወቱ እያለ ይበላዋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በሞቃት ወቅት በቀን ሁለት ጊዜ ጥንቸሉን ደገፍ አድርጎ ከጅራቱ ሥር ማየትና ማጽዳት።

ስድስተኛ፦ ግንብ በሽታን ይከለክላል ተብሎ ክትባት ይቅር

ጡረታ የወጡት ፈረንሳዊ ሐኪም ፖል-ፌሊክስ አርማን-ደሊል ማይቦዋ በተባለ ስፍራ በግንብ የታጠረ ሰፊ ርስት ነበራቸው። የዱር ጥንቸል ርስታቸውን ስላስቸገራቸው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1952 ሁለት ጥንቸሎችን ይዘው ሚክሶማቶሲስ የተባለውን በሽታ ቫይረስ ወጓቸውና ለቀቋቸው። ግንቡ በሽታውን በርስታቸው ውስጥ ይይዘዋል ብለው ነበር። በወራት ውስጥ በሽታው ከግንቡ ወጣ፤ በ1953 የባሕር ወሽመጡን ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ። የፈረንሳይ የዱር ጥንቸሎች አብዛኞቹ አለቁ፤ በየቤቱ ይረባ ከነበረውም ጥንቸል ብዙ ሞተ። ሐኪሙ ፍርድ ቤት ቀርበው የገንዘብ መቀጮ ተወሰነባቸው።

በሽታውን የሚያዛምቱት ትንኝና ቁንጫ ናቸው፤ ግንብ አያግዳቸውም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1984 የታወቀው ሌላው ገዳይ፣ ደም የሚያፈስሰው የጥንቸል በሽታ፣ ከዚህ ይብሳል፤ ቫይረሱ በጫማ፣ በልብስ፣ በታጨደ ሣርም ይጓዛል። በጋና በ2019፣ በናይጄሪያ በ2020 ተገኝቷል። አንዳንዱ ጥንቸል ምንም ምልክት ሳያሳይ ሞቶ ይገኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ክትባት ስላለ እዚያ ያለ ባለቤት ይጠይቅ። ክትባቱ በማይገኝበት አገር ደግሞ አዲስ የመጣን ጥንቸል ለየብቻ ማቆየት፣ ሌላ ጥንቸል ያለበት ቤት ውለው የመጡበትን ጫማ ጓሮ አለማስገባት፣ ማደሪያውን ማታ ማታ በትንኝ መረብ መሸፈን ይጠቅማል።

ሰባተኛ፦ ወንድና ሴት አብረው ይለቀቁ፤ ሲበዙ በሩ ይከፈት

ጥንቸል ብቻውን መኖር አይወድም፤ ጓደኛ ይፈልጋል። ሳይመክኑ አብረው የተለቀቁ ወንድና ሴት ግን ጓሮውን በአጭር ጊዜ ይሞሉታል። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፤ እናቲቱም በወለደች በሰዓታት ውስጥ ዳግም ልትፀንስ ትችላለች። ጥግ ላይ ቆፍራ፣ ከደረቷ ጠጉር ነጭታ፣ ልጆቿን በእርሱ ሸፍና በአፈር ትደፍናቸዋለች። የምታጠባቸው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው «ጥላቸው ሄደች» ብሎ ጎጆውን ያፈርሳል። ወንዱን ማኮላሸት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሴቷን ማምከን ደግሞ ያልመከኑ ሴት ጥንቸሎችን ዕድሜያቸው ሲገፋ ከሚያጠቃው የማኅፀን ካንሰር ያድናታል።

በር ከፍቶ መልቀቅ ምን እንደሚያስከትል አውስትራሊያ ታውቀዋለች። ቶማስ ኦስቲን ለተባለ የእንግሊዝ ተወላጅ፣ ቪክቶሪያ ለሚገኘው ርስቱ የተላኩ 24 ጥንቸሎች እ.ኤ.አ. በ1859 የገና ዕለት አውስትራሊያ ደረሱለት። በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው አህጉሩን ያጥለቀለቀው የጥንቸል መንጋ በዋናነት የተነሣው ከእነዚያ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው የኩዊንስላንድ ግዛት እስከ ዛሬ ጥንቸልን ቤት ውስጥ ማሳደግን በሕግ ትከለክላለች።

ለጥንቸሉም ቢሆን መለቀቅ ነፃነት አይሆንለትም። በፍሎሪዳ ዊልተን ማነርስ በተባለች ከተማ ጥንቸል ታረባ የነበረች ሴት ሰፈሩን ለቅቃ ስትሄድ ላየንሄድ የተባሉትን ባለጎፈር ጥንቸሎቿን ለቀቀቻቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ቁጥራቸው ከ60 እስከ 100 ይገመት ነበር። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጠጉር ለብሰው፣ በየመኪናው መንገድና በየሰው ሣር ላይ ይታዩ ነበር። ከተማው ሊያስገድላቸው አስቦ ሳለ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ገንዘብ ተሰባስቦ የጥንቸል አድን ቡድን ጥንቸሎቹን እየያዘ፣ እያከመና እያመከነ ለአሳዳጊ ማዘጋጀት ጀመረ።

ጥሩ እንክብካቤ ያገኘ ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። ያን ያህል ጊዜ ሊያቆየው ያልቻለ ሰው ሊያሳድገው ለሚችል ቤተሰብ ወይም የእንስሳት መጠለያ ካለ ለዚያ በእጁ ያስረክበው፤ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደተከተበና ከየትኛው ጓደኛው ጋር እንደሚተኛም ነግሮ ይስጥ።