የአቶ በጀት አስቤዛ አጭር የሕይወት ታሪክ

የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶች፣ ከሶዶና ከሻሸመኔ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ድንኳኑ ጠቦ በር ላይ የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን። ሰዓት ስለሄደ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ አነባለሁ። ባጭሩ ያልኩት እንደ ልማዱ ነው እንጂ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ በጀት አስቤዛ ቀለብ ከአባታቸው ከአቶ አስቤዛ ቀለብና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደመወዝ በዳሞት ጋሌ፣ በቦዲቲ ከተማ፣ በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ባለ 50 ሉክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሲሆን ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ነበር። መብራት ስለሄደ አዋላጇ ባለቤቴ በግራ እጇ ሻማ ይዛ በቀኝ እጇ አሰመረች፤ እኔ ቁጥሩን ሞላሁ። ከተጋባን ወር አልሞላንም። ከሠርጉ የተረፈን ሁለት ደርዘን ብርጭቆና ዕዳ ነበር።

ስለ ዘራቸው ጥቂት ልበል። አያታቸው ቀለብ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ፤ ለቤተኛውና ለሠራዊቱ ሲሰፈሩ የኖሩ፣ ከእነ ድርጎ ጋር በአንድ መዝገብ የተጻፉ ትልቅ ሰው። አባታቸው አስቤዛ ግን ከጣሊያን ጋር የመጡ ናቸው። በአገራቸው ስፔዛ ይባሉ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ከፊት «አ» ጨመሩ፣ «ፔ»ውን «ቤ» አደረጉ፣ ለመዱ፤ ዛሬ ገበያ መሐል ቢያገኟቸው ባዕድ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር የለም። በእናታቸው በኩል ሟቹ ወላይታ ናቸው፤ ዘራቸው በወላይታ ነገሥታት ዘመን መገበያያ ከነበረው ብረት፣ ከማርጩዋ ይመዘዛል። የክርስትና አባታቸው ደግሞ የደርግ ጊዜው የቀበሌ ሱቅ ነው። ስኳሩን በካርድ፣ ሳሙናውን በቤተሰብ ቁጥር ያድል የነበረ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ። ሟቹ ፊታቸውን የወረሱት ከእሱ ነው ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዘጠኝ ዓምድ ተከፈሉ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ሳሙና፣ እና በመጨረሻው ጠርዝ ላይ እርሳስ በማይበቃው ጠባብ ቦታ «ልዩ ልዩ»። ጠቅላላ ድምራቸው 900 ብር ሲሆን ለልዩ ልዩ የተመደበው 50 ብር ነበር። ይቺን 50 ብር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሟቹ በሕይወት ሳሉ የሠሩትን ደግ ነገር መደበቅ ነውር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቤታችን ውስጥ ወር ሲያልቅ የሚነሣውን ጭቅጭቅ አስቀሩ። ቀድሞ «ብሩ የት ገባ?» እንባባል ነበር፤ እሳቸው ከመጡ ወዲህ የት እንደገባ ስለምናውቅ ዝም ብለን እንተያያለን። ወንበር አስገዙን፣ ብረት ምጣድ አስገዙን። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቀዩ ብርንዶ ተሰቅሎ፣ ዳታ በርበሬው በሳህን ተቀምጦ፣ ወዳጆቼ ከውስጥ «መምህር፣ ግባ እንጂ!» ሲሉኝ፣ ኪሴ ውስጥ እጄን ጨብጠው ቀጥ አድርገው ወደ ቤት የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ወላይታ ተወልዶ ጥሬ ሥጋ ቤት በር ላይ ሳይገባ ያለፈ ሰው ምን ያህል ተጋድሎ እንደፈጸመ በዚህ ድንኳን ውስጥ ላላችሁ አልነግራችሁም።

ሃይማኖታቸው ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። እኛ ቃለ ሕይወቶች የማጽናኛ መዝሙር ይዘመርላቸው ብለናል። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ደግሞ፣ ሟቹ ከምንም በላይ ጾም ይወዱ ስለነበር የእኛ ናቸው፣ ሰልስታቸውም በእኛ ይውጣ ይላሉ። ክርክሩ ስላላለቀ ሁለቱም ይሆናል።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ሟቹ ሰው አያውቁም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ፊታቸው ይጠቁራል። መሶቡ ላይ ያለውን እንጀራ በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወር ሁሉ እኩል ነው ብለው ማመናቸው ነበር። ለታኅሣሥም ለሚያዝያም ያው 900። በታኅሣሥ በቆሎ ተሰብስቦ ገበያው ሲሞላ ገንዘቡ የሚተርፍ ይመስላቸውና ይኩራራሉ። ከየካቲት በኋላ ጎተራው ሲራቆት፣ የበልጉ እሸት እስኪደርስ በቆሎው ገበያ ላይ በየሳምንቱ ሌላ ሰው ሲሆን፣ «ማን አባከነው?» ብለው ባለቤቴ ላይ ያፈጣሉ።

እናቴ ከገጠር መጥታ አንድ ቀን አየቻቸው። እናቴ ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ግማሽ ጆንያ ጎደሬ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ አንዳንዴም ዶሮ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቼ ስደምር ደረሰች። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የወሩን ቀለብ እየጻፍኩ ነው አልኳት። በወላይትኛ ሳቀች፤ ሳቅ ቋንቋ አለው ወይ ብትሉኝ አለው። «ልጄ፣ እንሰቱ ጓሮ ቆሟል አይደል? ምኑን ነው የምትጽፈው?» አለች። ለእሷ ዓመቱ በወር አይቆጠርም። ስኳር ድንች የሚቆፈርበት ጊዜ አለ፣ እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ አለ፣ በመሐሉ ጥርስ የሚነከስበት ጊዜ አለ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ እሷ ዛሬ የተከለችውን ማን እንደሚበላው አታውቅም፣ አልጠየቀችም። እኔ በበኩሌ ያመጣችውን ጎደሬ በየትኛው ዓምድ እንደማስገባው ግራ ገባኝ። ሟቹ የገቢ ዓምድ አልነበራቸውም። የመሳፈሪያዋን፣ የጨውና የቡናዋን ስሰጣት ግን ወዲያው ጻፉት፣ ልዩ ልዩ ብለው።

ወደ ሕመማቸው እንምጣ። የመጀመሪያው የበረታባቸው በጥቅምት 2010 ነው፤ ብር ከዶላር አንጻር በ15 በመቶ እንዲቀንስ በተደረገ ሰሞን። እኛ ቦዲቲ ዶላር አይተን አናውቅም፣ ዘይቱ ግን አይቶታል መሰለኝ ተሰማው። ሁለተኛው በ2014 ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ግንቦት ላይ ከ37 በመቶ ሲያልፍ ሟቹ የአልጋ ቁራኛ ሆኑ፤ በቀይ እስክርቢቶ ስሰርዝና ስደልዝ ቆይቼ ገጹ ተቀደደ። ሦስተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነበት ዕለት። ጠዋት በሬዲዮ ሰማን፤ ባለሱቃችን ከእኛ ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ስደርስ ሳሙናው ላይ የነበረውን የዋጋ ወረቀት ነቅሎ ጨርሷል። «መምህር፣ አሮጌው ነው ግን ስገዛው አዲስ ይሆንብኛል» አለኝ። በኢኮኖሚክስ ይህን ያህል ግልጽ ትምህርት ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ከእነዚህ ሌላ በየዓመቱ የሚነሣባቸው የቆየ ሕመም ነበራቸው፤ ጳጉሜ ይባላል። ደመወዝ ለአሥራ ሁለት ወር ነው የሚከፈለው፣ ሆድ ግን አሥራ ሦስተኛውንም ወር ይቆጥራል። አምስት ቀን ምን አላት ትላላችሁ። በእነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ወዲያውም የወላይታው ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ሲውል፣ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ከወራት በፊት ጀምረው ሲቆጥቡ ይከርማሉ። ባለቤቴ የቅቤ ቁጠባዋን አንድ ሳምንት አጉድላ አታውቅም። ሟቹ በዚህ ይቀኑ ነበር። «እኔ ስንት ዓመት ያልቻልኩትን ሴቶቹ ያለ ደብተር፣ ያለ ዓምድ፣ እየተሳሳቁ ይፈጽሙታል» እያሉ። ደመወዝ ራሱ የዘገየባቸው ወራትም ነበሩ፤ የከፋዩን ስም እዚህ አልጠራም፣ ለቅሶ ላይ ነን።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ሟቹን የገደላቸው ዶላር አይደለም። ጳጉሜም አይደለም። እነዚህ አደከሟቸው። የገደላቸው ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ 50 ብር ናት።

ልዩ ልዩ ማለት ምን እንደሆነ ደብተሩን ገልጬ ላንብብላችሁ፤ የአንዱ መጋቢት ገጽ ነው። «ለቅሶ፣ ስኳር 2 ኪሎ። ለቅሶ፣ ቡና ግማሽ ኪሎ። የእድር። አረካ ለቅሶ፣ መሳፈሪያ የሁለት ሰው። የጎረቤት ልጅ አራስ፣ ለገንፎ። ለቅሶ፣ ዳቦ።» ከዚያ በታች የጤፉ ዓምድ ባዶ ነው። ከጎኑ በባለቤቴ ጽሕፈት «ለሚመጣው ወር» ይላል። ከእናንተ መሐል በዚህ ገጽ ያልተጻፈ ያለ አይመስለኝም። አትሸማቀቁ፣ እኔም በእናንተ ደብተር ውስጥ አለሁ። እዚህ አገር ቤት በር የለውም። ሟቹ ግን በር ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩ መስሏቸው ነበር።

አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ወደ አሥራ ሁለት ዓመት በሚጠጋው ዕድሜያቸው የተመደበላቸውን ሳያልፉ የጨረሱት አንድ ወር ብቻ ነው፤ የካቲት 2012። አባቴ ያረፈበት ወር። እናንተ ናችሁ ድንኳኑን የተከላችሁት። ጠዋት በብረት ድስት ንፍሮ ይመጣል፣ ቀን እንጀራ በመሶብ ይመጣል፣ ማታ ቡናው ተቆልቶ ይመጣል። ባለቤቴ ለአሥራ አንድ ቀን እሳት አላነደደችም። ከኀዘኑ በኋላ ደብተሩን ስከፍት ዓምዶቹ ነጭ ነበሩ። ለሽንኩርት የወጣ የለም። ለዘይት የወጣ የለም። ሟቹ ይህን ገጽ በኩራት ደጋግመው ያሳዩኝ ነበር፤ እኔ ሳየው ድምሩን አላስታውስም፣ መሶቡን ማን እንዳመጣው አስታውሳለሁ።

ከውጭ አገር የመጡ የሐዘን መግለጫዎች አሉ። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል በ1857 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚውለው ድርሻ ይበዛል ብሎ ጽፏል፤ መንፈሱ አብሮን ነው። እኛ ቤት መጀመሪያ ከደመወዜ ግማሹ፣ በመጨረሻ ከሦስት ሁለት እጁ ለሆድ ሲሆን አይተነዋል። የጃፓኗ የአክስታቸው ልጅ ካኬቦ፣ ሃኒ ሞቶኮ በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የቤት ወጪ ደብተር፣ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት አሉ። እሷ ለቅሶ የሚበዛበት ሰፈር አትኖርም መሰለኝ።

አቶ በጀት አስቤዛ ባደረባቸው የቆየ ሕመም በቤታቸው ሲታገዙ ቆይተው ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። የመጨረሻው ገጽ ምንም አልተጻፈበትም። ባለቤቴ ገንጥላ፣ ባሏ ለሞተባት ጎረቤታችን የላከችውን በርበሬ ጠቀለለችበት። መድኃኒቱ በአራት ቀን ነው ያለፋቸው፤ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪው ከ6,940 ወደ 11,500 እንዲያድግ ተወስኖ ነበር። ወሬው የተሰማው በነሐሴ ነው። ሽንኩርቱ በዚያው በነሐሴ ሰምቶ ቀድሞን ጨመረ።

ሟቹ የአንድ ደብተርና የሁለት እስክርቢቶ አባት ነበሩ። ከኋላቸው የቀሩት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ እቁብ፣ ጤነኛ ናቸው፣ እዚሁ ሴቶቹ መሐል ተቀምጠዋል። የእንጀራ ወንድማቸው ዱቤ ደግሞ ከመቼውም በላይ ወፍረዋል። እነሆ ባለሱቃችንን ተከትለው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ባለሱቁም ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቷል።

ጽሑፌን አጥፌ ልቀመጥ ስል ጠጋ አለኝና በጆሮዬ፣ «መምህር፣ እግዜር ያጥናህ። የዚህ ድንኳን ቡናና ስኳር በማን ስም ይጻፍ?» አለኝ።

በሟቹ ስም ጻፈው አልኩት።